ፍንክች አልል ያለ የአሮጌ ጓሮ ትራክተር መሪ አወላለቅ

ባለፈው ሰመር ሦስት ሰዎች ደወሉልኝ። ሦስቱም ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤት የገዙ ናቸው። ሦስቱም ሣር ለማጨድ ብለው የ1970ዎቹን አሮጌ የጓሮ ትራክተር በርካሽ አግኝተዋል። ሁለቱ የደወሉት ግን መሪውን ከሰበሩት በኋላ ነው። አንዱማ ስልኩን ገና እንዳነሳሁ፣ "ጋሼ፣ መሪው እጄ ላይ ቀረ። መሃሉ ግን እዛው ነው ያለው" አለኝ።

አልፈረድኩበትም። እኔም የመጀመሪያዬን እንደዛው ነው ያደረግኩት። ከሥር በመዶሻ ቀጥቅጬ ሁለት ክንዱን ገነጠልኩት። እምብርቱ ዘንጉ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ስህተቱ ሁሌም አንድ ነው። ሰው ይመታል፣ ይጎትታል። ይሄ ሥራ ግን የሚፈልገው ማራስ፣ መጫንና መጠበቅ ነው። መዶሻ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ለአንድ ሁለት ምት። ጊዜ መድቡለት። እጃችሁ የሚነካው ሥራ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ጥበቃው ግን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። ቅዳሜ ልታጭዱ ዓርብ ማታ አትጀምሩ።

በስም እንግባባ። "እምብርት" የምለው ዘንጉ የሚገባበትን የመሪውን መሃል ብረት ነው። "ክንድ" ከእምብርቱ ወደ ክቡ የሚሄደው ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደግን ሰዎች ዳዶ (ነት)፣ ስፒና (ፒን)፣ ቡሶላ (ሶኬት)፣ ሮንዴላ (ዋሸር) እያልን ነው የምንሠራው። አሜሪካ ዕቃ መደብር ገብታችሁ "ስፒና" ብትሉ ግን ሻጩ ዓይን ዓይናችሁን ነው የሚያያችሁ። ስለዚህ አስፈላጊ ሲሆን የሱቁን ስም አብሬ እጠራለሁ።

1. መሪያችሁ በምን እንደታሰረ እወቁ

የመጀመሪያው ሥራ የዓይን ነው። የእጅ ባትሪ ያዙና ከመሪው ሥር አጎንብሳችሁ እዩ። ከዚያ ላዩን እዩ። የሚያጋጥማችሁ ከሦስት አንዱ ነው።

ስፒና፦ እምብርቱን ከጎን ወደ ጎን ዘንጉን ጨምሮ ሰንጥቆ የሚያልፍ ፒን ነው። ሱቅ ውስጥ "ሮል ፒን" ይሉታል። ከብረት ላሜራ የተጠቀለለ፣ መሃሉ ባዶ ነው። የ1970ዎቹ ዊል ሆርስ ትራክተሮች እንዲህ ናቸው። ሰው የሚያለቅሰው በዚህኛው ነው፤ እኔም ብዙ የምቆየው እሱ ላይ ነው።

ዳዶ፦ መሪው መሃል ላይ ክዳን አለ። ክዳኑ ሲነሳ የዘንጉ ጫፍና ዳዶ ይታያሉ። ዘንጉ በቁመቱ ቦይ ቦይ ወጥቶለታል፤ እምብርቱም እንደዚያው። የ1960ዎቹ ኢንተርናሽናል ኩብ ካዴቶች ከዚህ ወገን ናቸው።

ብሎን፦ ይሄም ክዳን አለው። ከሥሩ ግን ዳዶ ሳይሆን ወደ ዘንጉ ውስጥ የሚገባ ብሎንና ሰፊ ሮንዴላ ታገኛላችሁ። ቀረብ ያሉት፣ ለምሳሌ የ1990ዎቹ ክራፍትስማኖች፣ ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው።

ምንም አልታይ ካለስ? አለ፤ ተሸፍኖ ነው። የሃምሳ ዓመት ቅባት፣ አቧራና ደራርቦ የተቀባ ቀለም ስፒናውን ይደብቀዋል። እምብርቱን ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት። ከጥፍር ያነሰች ክብ ጠባሳ ትወጣለች። በትክክል በተቃራኒው በኩልም ሌላ አለች፤ እሷንም ሳታገኙ ወደሚቀጥለው እንዳትሄዱ። አንዱን ጫፍ ብቻ አይቶ መምታት የጀመረ ሰው ስፒናውን ከቀለምና ከዝገት ጋር ነው የሚያታግለው።

አንድ ማሳሰቢያ። ትራክተራችሁ የሃይድሮሊክ መሪ ካለው፣ ጆን ዲር 318 አንዱ ነው፣ የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ መምታት ፈጽሞ ክልክል ነው። ከዘንጉ ሥር ያለው የሃይድሮሊክ ክፍል ከመሪው በብዙ እጥፍ ይወደዳል። እናንተ ማሰሪያውን ከፈታችሁ በኋላ በቀጥታ ወደ ፑለሩ (መሪውን ስቦ ወደሚነቅለው መሣሪያ)፣ ቁጥር 8 ላይ ሂዱ። እዚያ የምላትን አንዷን ምት ግን ዝለሏት።

2. ትራክተሩን አስተኙት

ሜዳ ላይ አቁሙት። የእጅ ፍሬን ያዙ። የኋላ ጎማው ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ፤ የታክሲ ረዳት ዳገት ላይ እንደሚያደርገው። ቁልፉን ንቀሉ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ከባትሪው መጀመሪያ ኔጋቲቩን አላቅቁ። የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ።

የቤንዚን ታንከሩ የት እንዳለ አሁን እወቁ። አንዳንዱ ላይ ከመሪው ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ሥር ነው። በኋላ እሳት ልንጠቀም እንችላለን፤ ያኔ ከመፈለግ ዛሬ ማወቅ ይሻላል።

3. ዕቃ ሰብስቡ

ግማሽ መንገድ ላይ ዕቃ ጎደለ ብሎ ባገኘው ካቻቪቴ የሞከረ ነው የሚሰብረው። እነዚህን አዘጋጁ፦

- የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጨርቅ
- የዝገት ማላቀቂያ ዘይት
- ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ፓንች፣ "ፒን ፓንች" የሚባለው፣ ከስፒናው ቀዳዳ በትንሹ የሚቀጥን
- አንድ ኪሎ ገደማ መዶሻ፣ ለመደገፊያ ደግሞ ከበድ ያለ ሌላ መዶሻ
- ጠንካራ ሲ ክላምፕ (በብሎን የሚጠብቅ መጨበጫ)፣ ከ4 እስከ 6 ኢንች
- የቡሶላ ስብስብ
- ፓፓጋሎ (ክብ ነገር አጥብቆ የሚይዝ መፍቻ)
- ፑለር፣ ወይም ቁጥር 8 ላይ የምነግራችሁን ሁለት ወፍራም ብረት
- የዓይን መከላከያ መነጽር

መነጽሩን መጨረሻ ላይ ስለጻፍኩት ትርፍ እንዳይመስላችሁ። ስፒና ጠንካራ የስፕሪንግ ብረት ነው። ሲሰበር ስብርባሪው ይበራል።

ስለ ዘይቱ ትንሽ ልበል። ሁሉም ቤት ያለው ደብሊው ዲ 40 ነው። ስሙ ራሱ ውኃ ማባረርን ነው የሚያመለክተው፤ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። ለዚህ ሥራ ዝገት ውስጥ ዘልቆ እንዲገባ የተሠራውን ግዙ፤ ፒቢ ብላስተር ወይም ክሮይል ይሆናል። ቤት ውስጥ አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅለው የሚጠቀሙም አሉ። ይሠራል፤ ግን አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ ፕላስቲክም ይበላል። የፕላስቲክ መሪ ላይ አትጠቀሙት።

4. አርሱት፣ ከዚያ ተዉት

መሪውን የያዘው ዝገት ነው። ዝገት ከበላው ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይይዛል። በእምብርቱና በዘንጉ መካከል የነበረችው የወረቀት ያህል ክፍተት በዝገት ታጭቃለች፤ መሪውም ሙጭጭ ይላል። ዘይቱ እዚች ስንጥቅ ውስጥ በራሱ እየተሳበ እስኪገባ ጊዜ ይፈልጋል።

እምብርቱ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ከሥርም ከላይም ጠርጉ። ክዳኑን በቀጭን ካቻቪቴ ዙሪያውን እየዞራችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ፤ አንድ ቦታ ብቻ ብትፈለቅቁት ይሰነጠቃል። ከላይ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉ፣ ስበት ያግዛችኋል። ከሥር ርጩ። የስፒናውንም ሁለት ጫፍ አርሱ። ከዚያ እምብርቱን ዙሪያውን በመዶሻ ኳ ኳ አድርጉት። በር እንደማንኳኳት ነው። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጣጥቅለታል።

ጠዋትና ማታ ድገሙት። ቢያንስ ሦስት ቀን። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከሥር የሚንጠባጠበው ዘይት ወደ ቡናማ ከተለወጠ ደስ ይበላችሁ። ገብቷል ማለት ነው።

5. ስፒናውን አውጡ

ከአስር የተሰበረ መሪ ስምንቱ እዚህ ጋ ነው የተሰበረ ብል ብዙ አላጋነንኩም። ስፒናው ሳይወጣ መሪውን መጎተት ማለት ወይ ክንዱን ወይ እምብርቱን መገንጠል ነው።

ሀ) መሪውን አዙራችሁ የስፒናው ጫፍ መዶሻ ለመወንጨፍ ሰፊ ቦታ ባለበት በኩል እንዲሆን አድርጉ።

ለ) ጫፉን እዩት። ከእናንተ በፊት የሞከረ ሰው ቀጥቅጦት እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጦ ከሆነ ትርፉን በሞረድ አስተካክሉት። ካልሆነ በቀዳዳው አያልፍም።

ሐ) መጀመሪያ በመጫን ሞክሩ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። በአንደኛው ጫፍ ስፒናው ላይ አጭር ጠንካራ ብረት አስቀምጡ፤ ከቀዳዳው የቀጠነ የብሎን ቁራጭ ይሆናል። በሌላኛው በኩል ስፒናው የሚገባበት ሰፋ ያለ ቡሶላ አፉን ወደ እምብርቱ አድርጋችሁ ያዙ። ሁለቱንም በሲ ክላምፑ ጨብጡና አጥብቁ። አሁን እምብርቱን አንድ ጊዜ ኳ አድርጉት። እንደገና አጥብቁ። "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ክላምፑ ድንገት ከላላ ስፒናው ተንቀሳቅሷል። ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ከሄደ ጦርነቱ አልቋል።

መ) በክላምፕ እምቢ ካለ ወደ ፓንቹ ሂዱ። ግን ብቻችሁን አትምቱ። አንድ ሰው ከባዱን መዶሻ በተቃራኒው በኩል እምብርቱ ላይ ደግፎ ይያዝ፤ ስፒናው የሚወጣበትን ቀዳዳ ሳይሸፍን። ድጋፍ ከሌለ እያንዳንዱ ምት ዘንጉን ያጎብጣል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማቀፊያም ያላላል። ድጋፍ ካለ ምቱ ሙሉ በሙሉ ስፒናው ላይ ያርፋል። በትንሽ መዶሻ ሃያ ጊዜ ከመምታት በከባዱ ሦስት ጊዜ፣ ቀጥ አድርጎ መምታት ይሻላል።

ሾጣጣ ጫፍ ያለው ፓንች ወይም ሚስማር እንዳትጠቀሙ። ስፒናው መሃሉ ባዶ ነው። ሾጣጣው ውስጡ ይገባና ያሰፋዋል፤ ሲሰፋ የባሰ ይጠብቃል።

*እዚህ ጋ ችግር ሲፈጠር*

ፓንቹ ተቀርቅሮ ቀረ? በጎን በጎኑ ነካ ነካ እያደረጋችሁ፣ በፒንሳ ይዛችሁ እያዞራችሁ አውጡት። በጣም ቀጥኖባችኋል ማለት ነው፤ አንድ ቁጥር ጨምሩ።

ስፒናው ግማሹ ወጥቶ ተሰበረ? ከሌላኛው በኩል ሞክሩ። ያ ካልሆነ በድሪል ነው። ተራ ፑንታ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይደነዝዛል፤ ኮባልት ፑንታ ግዙ። ድሪሉን በቀስታ አዙሩ፣ ዘይት ጨምሩ። ባዶው መሃል ፑንታውን ይመራዋል። ከቀዳዳው ያነሰ ፑንታ ተጠቀሙ፤ ዓላማው ስፒናውን አሳስቶ እንዲጨማደድ ማድረግ ነው፣ ቀዳዳውን ማስፋት አይደለም። ፑንታው ውስጥ ከተሰበረ ግን በቃ፤ ቁጥር 10ን አንብቡ።

ስፒና ሳይሆን ብሎን አገኛችሁ? የቀድሞው ባለቤት ቀይሮት ነው። ዳዶውን ፍቱና ብሎኑን በዚሁ መንገድ አውጡ።

6. ዳዶ ወይም ብሎን ከሆነ

ይሄ ቀላል ነው። መሪውና ዘንጉ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ምልክት በቀለም አስምሩ፤ ሲመለስ ጎማው ቀጥ ብሎ መሪው እንዳይጣመም። ልክ በሆነ ቡሶላ በግራ በኩል፣ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ፍቱ። አንድ ሰው መሪውን ከክንዶቹ ሥር አጥብቆ ይያዝ። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ እዚያ ላይ አስደግፎ መፍታት ከታች ያሉትን ጥርሶች ይጎዳል።

ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አታውጡት። ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ፍቱ። ሁለት ጥቅም አለው። የዘንጉን ጥርስ ከፑለር ይጠብቃል። መሪው ድንገት ሲላቀቅ ደግሞ አገጫችሁን እንዳይመታ ይይዘዋል። ይሄን የማውቀው በአገጬ ነው።

ብሎን ያለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ብሎኑ ሲወጣ መሪው በእጅ ይነሳል። እምቢ ካለ ብሎኑን ግማሽ ድረስ መልሱና በሁለት እጅ፣ ግራና ቀኙን እያፈራረቃችሁ ወደ ላይ ሳቡ። የዚህኛው እምብርት ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። እሳት የሚባል ነገር እንዳታስቡ።

7. አላውሱት (ዘንጉ ክብ ከሆነ ብቻ)

ስፒናው ወጣ። ዘንጉ ክብና ለስላሳ ከሆነ መሪውን ወደ ላይ ከመሳባችሁ በፊት ዘንጉ ላይ እንዲዞር አድርጉ። የዝገት ትስስር ከመጎተት ይልቅ በመጠምዘዝ ቶሎ ይበጠሳል።

ከእምብርቱ በታች ያለውን ዘንግ በወፍራም ቆዳ ጠቅልሉት። በፓፓጋሎ አጥብቃችሁ ያዙት። ሌላ ሰው መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ በአጭር በአጭሩ ይንጠቀው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የጥርስ ማፋጨት የመሰለ ድምፅ ይመጣል። ከሥር ቀይ ዱቄት ከዘይት ጋር ሲወርድ ታያላችሁ። ዘይት ጨምሩ፣ ቀጥሉ። መሪው ሙሉ ዙር መዞር ከቻለ እያዞራችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ይወጣል።

ፓፓጋሎውን ትታችሁ ጎማዎቹ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዘው ዘንጉን እንዲይዙላችሁ አትሞክሩ። ዊል ሆርስ ላይ ከዘንጉ ሥር ያለው ጥርስ ከማራገቢያ ቅርጽ ጥርስ ጋር ነው የሚናከሰው። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው በሁለት በሦስት ጥርስ ላይ ነው። መሪውን አድናችሁ ጥርሱን ትበላላችሁ።

ዘንጉ ቦይ ቦይ ያለው ከሆነ አይዞርም፣ አትታገሉት። ወደሚቀጥለው እለፉ።

8. ጫኑት

የመኪና መሪ ፑለር ብትገዙ እንዳትገረሙ፦ አይገጥምም። እሱ የሚይዘው መሪው ላይ ባሉ ሁለት ጥርሳም ቀዳዳዎች ነው፤ የጓሮ ትራክተር መሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የለውም። የሚያስፈልጋችሁ እምብርቱን ከሥር የሚያቅፍ ነገር ነው። "ቤሪንግ ስፕሊተር" የሚባለው፣ የኩሽኔታ መንቀያ፣ ለዚህ ምርጥ ነው። የመኪና መለዋወጫ መደብሮች መያዣ አስይዘው የሚያውሱት አለ፤ ጠይቁ።

ራሳችሁ ልትሠሩም ትችላላችሁ፤ ብየዳ አያስፈልገውም። ውፍረታቸው ግማሽ ኢንች (12 ሚሊ ሜትር ገደማ)፣ ርዝመታቸው 6፣ ስፋታቸው 3 ኢንች የሆነ ሁለት ብረት ፈልጉ። የአንዱን መሃል ዘንጉን በሚያስገባ ልክ በዩ ቅርጽ ቁረጡ። ሁለቱንም ጫፍና ጫፋቸውን ፊት ለፊት ቀዳዳ አውጡላቸው። ከላይ እስከ ታች የብሎን ጥርስ ያለው፣ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ዘንግ ሁለት ቁራጭ፣ አራት ዳዶ፣ አራት ሮንዴላ። አለቀ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ) የተቆረጠውን ብረት በእምብርቱና በዳሽቦርዱ መካከል ከጎን አስገቡ።

ለ) የዘንጉ ጫፍ ላይ፣ እምብርቱ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ አጭር ድቡልቡል ብረት አቁሙ። ከቀዳዳው ትንሽ መቅጠን አለበት። ዘንጉ ላይ ጥርስ ካለ ዳዶው እዚያው እንዳለ ነው ብረቱ የሚቆመው።

ሐ) ሁለተኛውን ብረት ከላይ አስቀምጡ፣ ጥርሳም ዘንጎቹን በክንዶቹ መሃል አሳልፉና ዳዶዎቹን አጥብቁ። አንዱን ሩብ ዙር፣ ሌላውን ሩብ ዙር። አንድ ወገን ቀድማችሁ ካጠበቃችሁ ይጣመምና እምብርቱ ዘንጉን ይነክሰዋል።

መ) በቁልፍ ጠንከር ሲል አቁሙ። አሁን የላይኛውን ብረት መሃል በመዶሻ አንድ ጊዜ ምቱ። ያቺ የጠበቅኩላችሁ ምት ይቺ ናት። ሃይድሮሊክ ያለው ግን አይመታም።

ሠ) ካልተላቀቀ ተጨማሪ ሩብ ዙር፣ ዘይት፣ ከዚያ ሂዱ ተኙ። የእውነቴን ነው። ውጥረቱ እዚያው ይደር። መሪውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ ድንገት ይዘላል።

እኔ ጋ አንዱን ለሁለት ቀን ወጥሬ ትቼው፣ እሁድ ጠዋት ቡና እየጠጣን ከጋራዡ "ጧ!" የሚል ድምፅ መጣ። ባለቤቴ ጎማ የፈነዳ መስሏት ነበር። ሄጄ ሳይ መሪው አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ተነስቷል። ማንም አልነካውም።

ብረቱ ራሱ መታጠፍ ከጀመረ አቁሙ፣ ወፍራም ፈልጉ። የእምብርቱ ጠርዝ መፈርፈር ከጀመረም አቁሙ፤ ቀጣዩ ሙቀት ነው።

9. ሙቀት፣ በጥንቃቄ

ሙቀት ለምን እንደሚሠራ በቁጥር ላሳያችሁ። ቀዳዳው 19 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት እምብርት ከዘንጉ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢበልጥ ቀዳዳው በ0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከራስ ጸጉር ይቀጥናል። ለዝገት ግን ይበቃዋል፤ ይሰነጠቃል። ቁም ነገሩ እምብርቱ ቶሎ ሞቆ ዘንጉ ገና ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ለግማሽ ሰዓት በትንሽ እሳት ብታሞቁ ሁለቱም እኩል ይሰፋሉ፣ ምንም አታተርፉም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦

- የቤንዚን ታንከሩን አውጡ። ባትሪውንም ከትራክተሩ አንሱ፤ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።
- የረጫችሁትን ዘይት በደንብ ጥረጉ።
- የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የነካውን ብረት አታሙቁ። ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲሞቅ ፎስጂን የሚባል መርዝ ይወጣዋል።
- ሥራው ውጭ ይሁን፤ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይቀመጥ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ጭሱን አትማጉ።

ክንዶቹንና ክቡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ፑለሩ እንደተወጠረ፣ ከእምብርቱ የታችኛው አንገት ላይ ብቻ ሙቀት አሳርፉ። ሂት ገን (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ካላችሁ እሱ ይሻላል። የፕሮፔን ቶርች ከሆነ ነበልባሉን እያዞራችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል። ብረቱ መቅላት የለበትም። ፕላስቲኩ ማብረቅረቅ ወይም መሽተት ከጀመረ ወዲያው ተዉት።

እንደሞቀ የሻማ ጫፍ መገናኛው ላይ አስነኩት። ጧፍም ይሆናል። ሰሙ ቀልጦ ስንጥቁ ውስጥ ይሰርጋል፣ ያለሰልሳል። አሁን ፑለሩን ሩብ ዙር። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ይፈልጋል።

10. መቁረጥ

ይሄ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ መሪውን ሰውታችሁ ዘንጉን አድኑ። ቅደም ተከተሉ ግን ይከበር፦ መጀመሪያ ተተኪ መሪ ግዙ። የዘንጋችሁን ውፍረት ለኩ፤ ብዙዎቹ 5/8 ወይም 3/4 ኢንች ናቸው። ተተኪው እጃችሁ ሳይገባ ግራይንደር አትለኩሱ።

ክንዶቹን በሴጌቶ ቆርጣችሁ ክቡን አንሱ። እምብርቱ ብቻውን ይቀራል። በቁመቱ በግራይንደር ሰንጥቁት፣ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስትቀር አቁሙ። ዘንጉን ከነካችሁት አዲሱ መሪ ይወዛወዛል። ስንጥቁ ውስጥ የብረት መሮ አስገብታችሁ አንድ ሁለቴ ምቱ። የቀረችው ትፈነዳለች፣ እምብርቱ ይከፈታል፣ በእጅ ይወጣል።

11. ስትመልሱት

ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ጥረጉ። መሪውን በደረቁ ሞክሩ፤ በእጅ ግፊት መውረድ አለበት። ከዚያ "አንቲ ሲዝ" የሚባለውን ቅባት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ይሄን የማይቀባ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ይሄንኑ ጽሑፍ እንደገና ይፈልጋል።

የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ መሪውን አስተካክላችሁ አስገቡ። አሮጌውን ስፒና አትመልሱ፣ አዲስ ግዙ። ቀዳዳው ተበልቶ ሞላላ ከሆነ አንድ ቁጥር በሚበልጥ ፑንታ እምብርቱንና ዘንጉን አንድ ላይ ቦርቡሩና ወፍራም ስፒና ምቱ። በስፒና ፋንታ ብሎን የምትከቱ ከሆነ መሃሉ ላይ ጥርስ የሌለው፣ በማይላላ ዳዶ የሚታሰር ይሁን። ጥርሱ ቀዳዳው ውስጥ ካረፈ እየተፋቀ ይላላል፤ ዳገት ላይ መሪ መላላት ደግሞ ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ ሜዳ ላይ በዝግታ ንዱ፤ ግራ ቀኝ ሞክሩ። አንድ ጊዜ ካጨዳችሁ በኋላ ስፒናውን እዩት። መሪው ክፍተት ካለው ከየት እንደመጣ መለየት ቀላል ነው። ከእምብርቱ በታች ዘንጉን በሁለት ጣት ያዙ፣ ሌላ ሰው መሪውን ያወዛውዝ። መሪው እየተንቀሳቀሰ ዘንጉ ዝም ካለ ስፒናው ነው። ዘንጉ እየዞረ ጎማው ዝም ካለ ደግሞ ከታች ያለው ጥርስ ተበልቷል፤ እሱ ሌላ ቅዳሜ ይፈልጋል።